በሁዳዴ የተሰማው ከበሮ

ተፈቀደ! ዛሬ ጧት በሦስት ሰዓት ተፈቀደ፤ በጆሮዬ ሰማሁ። ደስታው ቢያጣድፈኝ ለማን እንደ ተፈቀደ እንኳ ሳልናገር ጀመርሁ። ለመሪጌታ ሐብተ ማርያም ነው፤ እኔ በጸሐፊነት በምሠራበት የጎንደር ትምህርት ቤት ሃይማኖት ለሚያስተምሩት።

መሪጌታ ጠላት ከወጣ ወዲህ እዚሁ ናቸው። ድምፃቸው ሸጋ ነው፤ ግን ክፍል ሲገቡ ከደጅ ትተውት ይገቡ ነበር። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ በማግሥቱ ሲጠየቁ አንዱንም አያስታውሱም። እንኳየሁ የምትባል ከኮሶዬ መንደር የመጣች ልጅማ ገና ስሟ ሲጠራ ታለቅሳለች።

ዘንድሮ በጥቅምት ትምህርቱን በአማርኛ መዝሙር አወጡት። ልጆቹ ተቀበሉ። ሳምንት ሳይሞላ መንገዱ ሁሉ ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ ሆነ።

ሁዳዴ ገባ። በጾም ከበሮ አይመታም፤ ልጆቹ ግን ዜማው ሲሞቅ ዴስኩን መደለቅ ለምደው ኖሯል። በአጥር ለሚያልፍ ሰው ይኸ ከበሮ ነው። «ሐብተ ማርያም በሁዳዴ ከበሮ ያስመታል!» ተባለ። ዲሬክተሩም፣ «የደብሩ አለቃ መጥተው ካልፈቀዱ ክፍሉን ይለቃሉ» አሏቸው። የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ነገሩ ያበቃ መስሏቸው፣ ከከተማው ወጥተው ሊኖሩበት ጠዳ ያለውን የአባታቸውን ጎጆ ሊያስከድኑ ትናንት ሄዱ።

ዛሬ የደብሩ አለቃ ገብረ ሚካኤል መቋሚያቸውን ይዘው መጡ፤ ዲሬክተሩና እኔም ተከትለናቸው ክፍሉ ገባን።

«የታል ከበሮው?»

«ይኸው አባቴ» አሉ መሪጌታ ዴስኩን እያሳዩ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እጃቸውን አልከለከልሁም።»

«እስቲ ያለ ዜማ ጠይቃቸው።»

እንኳየሁ ተጠየቀች። እንባዋ መጣ።

«ምነው ልጄ? እንግዲያው በዜማው በይው» አሉ አለቃ ጎንበስ ብለው።

ዓይኗን ጨፍና አምስቱንም አንድ ሳታስቀር አወረደችው! እጇ ሊደልቅ ሲነሣ አለቃ ቀለብ አደረጉና መቋሚያውን አስጨበጧት።

«በጾም በዚህ ነው። ቀስ ብለሽ፣ ወዲህና ወዲያ።»

መቋሚያው ከቁመቷ በልጦ ይዟት ሲያዘነብል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አለቃ ወደ መሪጌታ ዞሩ።

«አንተ ሰነፍ! ዜማውን ስትሰጣቸው ሥርዐቱንም አብረህ ብትሰጣቸው፣ እኔን በዚህ ዳገት ታንከላውሰኝ ነበር?» ከዚያም ለዲሬክተሩ፣ «ይዘምሩ» አሉ።

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ፤ የሚጽፉት ግን አልነበረም። እኔም አሰብሁ፤ ሰው ያለውን ስጦታ ለሥራዬ አይሆንም እያለ ስንት ዘመን ከደጅ ያስቀምጠዋል?

ብቻ አሁን መቀመጥ አልችልም፤ የጠዳው ማኪና ሊነሣ ነው። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጎጆውን ሣር ሳያስከድኑ ልድረስ!