ከቦቴው የምትሸሸው ሴት

ባለፈው ሳምንት፣ ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ በስድስተኛው ቀን፣ ቦቴ መጣልን። ጎረቤቶቼ ጄሪካናቸውን ይዘው ሲሯሯጡ እኔ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የሞተሩ ጩኸት ወደ ወጣትነቴ፣ ወደ አውበሬ መለሰኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በነርስነት ጅጅጋ ተመድቤ ነበር፤ ከሐርጌሳ በኩል ጦርነት የሸሹ ሰዎች ድንበሩን እያቋረጡ ሲጎርፉ አውበሬ አጠገብ ወደተተከለው መጠለያ ላኩኝ። እውነቱን ለመናገር አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። የዝውውር ማመልከቻ አስገብቼ መልሱን በየቀኑ እጠብቃለሁ፤ አልጋዬ ላይ እንኳ የምጋደመው ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር። የሐምሌ ነፋስ ድንኳኑን ቀኑን ሙሉ ያርገበግበዋል፤ ሩዙም፣ በግመል ወተት የተፈላው ሻይም አሸዋ አሸዋ ይላል።

ንጹሕ ውሃ ከጅጅጋ በቦቴ ይመጣል። ሾፌሩ ጋሽ ግዛው ይባላሉ፤ አምሳ የሚጠጋቸው፣ ወሬ የማይወዱ፣ ኪሳቸው የባቢሌ ለውዝ የማያጣ ሰው ናቸው። ቦቴው ሲደርስ ሴቶቹ ይሰለፋሉ። አንዲት ሴት ግን ሞተሩን ስትሰማ ልጇን አቅፋ ወደ ቁጥቋጦው ትሮጣለች። ሆዳን ትባላለች። ጎረቤቶቿ ያካፍሏታል፤ ግን ለራሳቸውም አይበቃቸውም። ስለዚህ ዝናብ ካቆረው ኩሬ ትቀዳለች።

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇ ሊባን በተቅማጥ ተዳክሞ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ክሊኒኩ ድንኳን ሲመጣ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። ተቆጣሁ።

«ንጹሕ ውሃ እያለ ለምን የኩሬ ውሃ ታጠጪዋለሽ?»

አስተርጓሚያችን ሳህራ፣ የጅጅጋ ልጅ፣ ቃሌን አለዝባ ነገረቻት። ሆዳን ጣቷን ወደ ሰማይ ቀሰረች።

«ሐርጌሳ ላይ አውሮፕላኑ እንዲህ ነበር የሚያጓራው ትላለች» አለችኝ ሳህራ። «ትልቁ ልጇ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ አልተመለሰም። ቦቴ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እግሬ ግን አያውቅም ትላለች።»

አፈርኩ። ለሊባን ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በማንኪያ ስሰጠው ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት መንገድ ላይ ወጥቼ ጋሽ ግዛውን ጠበቅኳቸው።

«ሞተሩን አጥፍተው ውሃውን ማውረድ አይቻልም?»

«ፓምፑ በምን ይሠራል ሲስተር?»

የሆዳንን ነገር ነገርኳቸው። ለውዝ መፈልፈላቸውን አቆሙ።

«በሶማሊያው ወረራ ጊዜ ወታደር ሆኜ እዚሁ ጅጅጋ ነበርኩ» አሉ። «እስካሁን በር ጓ ሲል መሬት እተኛለሁ። ይሄን እንዳትነግሪያት።»

ቦቴውን ከመጠለያው ራቅ አድርገው አቁመው አጠፉት። ሳህራና እኔ ሆዳንን መሐል አድርገን መጣን። ጋሽ ግዛው የጋቢናውን በር ከፍተው ወረዱና «ነይ፣ አባዮ» አሏት፤ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው። «ቁልፉን ያዢ። ስትፈልጊ ታስነሺዋለሽ፣ ስትፈልጊ ታጠፊዋለሽ።»

ሳህራ ስትተረጉምላት ጋቢናው ውስጥ ገብታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሲነሳ ጮኸች፤ ወዲያው አጠፋችው። የተሰለፉት ሴቶች ከሩቅ ቢጣሩም ጋሽ ግዛው አልቸኮሉም። ደግማ አስነሳችው። አጠፋችው። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ሳታጠፋው ቆየች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ስለነበር የምትቆጥር ወይ የምትጸልይ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ከሰልፉ መጨረሻ ትቆማለች። ሞተሩ ሲያጓራ ዓይኗን ጨፍና የፊቷን ሴት ሻሽ ጨምድዳ ትይዛለች፤ ግን አትሮጥም። ሊባንም አገግሞ ባዶ ጄሪካን እየገፋ በየድንኳኑ መዞር ጀመረ።

ዝውውሬ ሲመጣ አንድ ቀን እንኳ አላደርኩም። ጅጅጋ ያደረሱኝ ጋሽ ግዛው ናቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ጓደኞቼ፣ ስለ ራሴ ለፈለፍኩ፤ እሳቸው ፈገግ እያሉ ሰሙኝ።

ዛሬ ይህን የማወራላቸው ሰዎች ሆዳን የት ደረሰች ይሉኛል። አላውቅም። እኔን ዕረፍት የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ መንገድ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እኚያን ሰው «እርስዎስ?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም።