በሰይድ ተራ የመጣው ጎርፍ

ልጅ ሳለሁ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን፣ እኔ ተረት የሰማሁት ቤት ውስጥ አይደለም። ነሐሴ ሲገባ ወንዶቹ አመሻሽ ላይ ማሽላው ዳር ወጥተው ጎርፍ ይጠብቃሉ፤ ተረቱም እዚያው፣ በአገዳ እሳት ዙሪያ ነበር። የኛ ቆላ የሚያድረው በጎርፍ ነው። ደመናው በስተምዕራብ ካለው ተራራ ላይ ያጉረመርማል፣ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ደረቁ ወንዝ በድንገት ቀልቶ ይመጣል፤ ያኔ በአፈር ግድብ ጠልፎ ወደ ማሳ መምራት ነው። ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ በዕጣ ይወሰናል። ተራው የደረሰው ሰው ማሳ እስኪጠግብ ድረስ ሌላው አካፋውን ተደግፎ ከማየት በቀር ምንም አይነካም።

ዕጣውን የሚያወጡት የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ወንዴ ነበሩ፤ የውሃ አባት ይባላሉ። ቁጡ ናቸው፤ በዝንብም በደመናም ይቆጣሉ። እኔ ራት ሳደርስ «አንቺ፣ ንፍሮ ይዘሽ መጣሽ ወይስ ጆሮሽን ብቻ?» ይሉኛል፤ ግን ሳያወሩልኝ ወደ ቤት ሰደውኝ አያውቁም። የሚያወሩት ሰይጣን ስለፈተናቸው መናኞች ነበር። አባቴ ሞላ፣ መናኙ ጥርሱን ነክሶ ሰይጣንን ሲያሸንፍ «ወንድ ማለት ይሄ ነው!» ይላል። አያ ወንዴ ደግሞ እሳቱን እየቆሰቆሱ «አንተ ምኑን ታውቀዋለህ» ብለው ያጉረመርማሉ። እኔም እንደ አባቴ ነበር የሚመስለኝ፤ ደግ ሰው ማለት መጥፎ ነገር የማያምረው ሰው ነበር ለኔ።

አንድ ዓመት ዝናቡም ጎርፉም ራቀን። የመጀመሪያው ጎርፍ የላይኞቹን ማሳ ብቻ አጠጥቶ ቀረ። የኛ ማሽላ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ቆመ፤ እናቴ በሄደች በመጣች ቁጥር እሱን እያየች «እመቤቴ፣ ምነው?» ትላለች። ቀጣዩ ተራ የጎረቤታችን የሰይድ ነበር፣ ከሱ ቀጥሎ የኛ። የሁለታችንን ማሳ የሚለየው አንድ የአፈር ግድብ ነው።

ጎርፉ የመጣው ሰይድ ለአጎቱ ለቅሶ ዋጃ በሄደበት ቀን ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ወንዙ ጮኸ፤ ሮጠን ስናይ ውሃው በሰይድ ቦይ ገብቷል። ያው የተመኘነው ጎርፍ ነው፣ ግን ትንሽ ነው፤ ለሁለት ማሳ እንደማይበቃ እኔም ልጅቷ አይቼ አወቅሁ። አባቴ አካፋውን አነሳ።

«ሰይድ የለም» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ጎርፍ ነው የሰበረው ቢባል ማን ይጠይቃል?»

እኔ አያ ወንዴ ይጮሃሉ ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። አልጮሁም።

«ሂድ አልልህ፣ ተቀመጥ አልልህ» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብቻ አንድ ነገር ሰምተህ ሂድ። አንቺም ስሚ፣ ይሄ የመናኝ ተረት አይደለም።

«አንተ ገና ጡት ሳትጥል እንዲህ ያለ ዓመት መጥቶ ነበር። እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ በጊዮርጊስ ምዬ፣ የሰው ውሃ አልነካም ያልኩ ሰው ነኝ። ጎርፉ ሲመጣ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። አንድ አካፋ፣ አንዲት ብቻ! ጠዋት ጎርፍ ሰበረው አልኩ፤ ሰውም አመነኝ። የጎረቤቴ ማሽላ አረረ፤ ልጆቹን ይዞ የቀን ሥራ ፍለጋ አላማጣ ወጣ። ሲሰናበተኝ አቅፎ ሳመኝ። ሳመኝ እኮ!

«በዓመቱ በሌላ ሰው ተራ ጎርፉ መጣ፣ እኔም ያንኑ ሌባ እጄን ይዤ ግድቡ ላይ ቆምኩ። አሁን ምን ብዬ ልማል? ጌታዬ፣ እኔ አልችልም፣ አንተ ያዘኝ አልኩት። ሰማይ አልተከፈተም፣ መልአክም አላየሁ። አካፋው ግን ከእጄ ወደቀ። ውሃው እስኪያልፍ ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሰውዬውንም አላማጣ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ያልሰረቅሁት ጎበዝ ሆኜ እንዳይመስልህ፣ ሞላ። በየጊዜው ስለያዘኝ ነው። ቢለቀኝ ዛሬም ያው ነኝ።»

አባቴ «ልጆቼስ ምን ይብሉ፣ አያ?» አለ።

«አላውቅም» አሉ አያ ወንዴ።

አባቴ አካፋውን ይዞ ወደ ግድቡ ሄደ። ሊሰብረው ነው ብዬ ተከተልኩት፤ እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ ልቤ ደግሞ ቶሎ ይስበረው ይል ነበር፣ ርቦኝ ነበራ። ግድቡ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ከአባቴ አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ሰማሁ፤ «አልችልም! አቤቱ፣ አልችልም፣ ያዘኝ!» ብሎ ጮኸና በጉልበቱ ወደቀ።

እዚያው ተንበርክኮ ሳለ ግድቡ በራሱ መሸርሸር ጀመረ፣ ወደኛ ማሳ በኩል። የጣት ያህል ውሃ ወደ ማሽላችን ሲወርድ አየሁት። ዝም ቢል ይበቃ ነበር፤ ማንንም መዋሸት አያስፈልገውም፣ በእውነት ጎርፍ ነው የሰበረው። አባቴ ግን «አፈር! አፈር አምጡ!» እያለ ቀዳዳውን በደረቱ ደገፈው። አያ ወንዴ ጋቢያቸውን ወርውረው ሮጡ፤ እኔም በቀሚሴ ጭቃ እያፈስኩ ተሸከምኩ። ሦስታችን የሰውን ውሃ ለሰው ደፈንን።

ሰይድ በማግስቱ ሲመጣ አባቴ መንገድ ላይ ጠብቆ አንድም ሳይደብቅ ነገረው።

«አምና ባንተ ተራ እኔም እዚችው ግድብ ላይ አካፋ ይዤ ቆሜ ነበር» አለ ሰይድ። «የመለሰኝ አላህ ነው ሞላ፣ እኔማ ጨርሼ ነበር።»

ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው አለቀሱ። ሌላ ጎርፍ በዚያ ዓመት አልመጣም። ማሽላችን ከግማሽ በላይ አረረ፤ እናቴ እስከ ሰኔ በቀን አንዴ እያበላች አከረመችን። ያ ርሃብ ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ጸጋ ሆዴን ሞላው ብዬ አልዋሽም።

አሁን ሮቢት ከተማ አስተማሪ ነኝ። ሰዎች ቀጥ ያለች ሴት ይሉኛል፤ ሲሉኝ አፍራለሁ። ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጅ የፈተና ወረቀት ሳርም ለማለፍ ጥቂት ነጥብ ጎደለው። ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ብቻዬን ነበርኩ፤ ማንም አያይም፣ ልጁንም እወደዋለሁ። «አልችልም» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ። ከዚያ ተነስቼ ወረቀቱን እንዲያርመው ለባልደረባዬ ሰጠሁት። ልጁ ወደቀ። እህቴ እስከ ፋሲካ አላናገረችኝም፤ እኔም ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ያን ቀን ያመሰገንኩት ግን ራሴን አልነበረም።