አባዬን ከአልጋ የማንሳት ጥበብ

ጁ ጂትሱ የጀመርኩት ለጤና ነው። ከጀመርኩ ወዲህ ጤና የሚባል ነገር አላየሁም። አዳራሻችን ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያው በኩል፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ምንጣፉ ከእኛ ሱቅ የወጣ የስፖንጅ ፍራሽ ሲሆን፣ በላዩ የከብት መኪና ሸራ ተወጥሮበታል። ሸራው በታጠበ ቁጥር የፍየሉ ሽታ ይበልጥ ይነቃል። አስተማሪያችን ከናይሮቢ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ የመጣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ሙዋሊሙ እንለዋለን። ገና እንደመጣሁ በክብር ተቀበለኝ። ኋላ ሳስበው የተከበረው ፍራሹ ነበር።

የዘወትር ተጋጣሚዬ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው መንደር፣ ከዳበል፣ የመጣ ሰው ነው፤ ከብት ይነግዳል፣ ትከሻው በር ያክላል። ደረቴ ላይ ተመቻችቶ ይቀመጥና እታች ቆላው ጎልቦ ላይ ዝናብ መጣሉንና አለመጣሉን ያወራኛል። እኔ ከሥሩ አየር እፈልጋለሁ። የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው፦ ሲብስብህ ተጋጣሚህን በእጅህ ሁለቴ መታ መታ ታደርገዋለህ፣ እሱም ወዲያው ይለቅሃል። እኔ ግን ክርኔ ካልጮኸ መታ አላደርግም። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ አባዬም በሕይወቱ ለማንም “በቃኝ” ብሎ አያውቅም።

“ክፍል ውስጥ ብቻ ተሠርቶ አይሆንም፣ ቤት ተለማመዱ፣ ቪዲዮም እዩ” አለን ሙዋሊሙ። ምሁር ሆንኩ። ደንበኛ ስኳር ሲጠይቀኝ ቆይ እያልኩ ከባንኮኒው ጀርባ ቪዲዮ አያለሁ። ሰው ሥር ስትሆን ዳሌህን እየሳብክ የምታመልጥበት አንድ እንቅስቃሴ አለ፤ ስሙን ሽሪምፕ ከሚባል የባህር ፍጥረት ነው ያወጡለት። ውሃ በቦቴ በሚመጣበት ከተማ መጋዘን ወለል ላይ የባህር ፍጥረት ሆኜ ስንፏቀቅ ከረምኩ። ከቦሎቄ ጆንያም ጋር ታገልኩ። በሱቃችን ያልረታሁት ጆንያ አልነበረም። ዳበሌው ግን ጆንያ አልሆን አለኝ።

አባዬ በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር። “በእኛ ጊዜ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ ይባል ነበር። እናንተ ግን ተሸንፋችሁ ነው የምትጀምሩት” ይለኛል። ከመሃል አገር በወጣትነቱ ወርዶ ይህን ሱቅ የከፈተ፣ እናቴንም እዚሁ የቀበረ፣ ግዙፍ ሰው ነው። አንድ ቀን ስትሮክ ግራ ጎኑን ያዘውና አልጋ ላይ ቀረ። ምላሱም አብሮ ተሳሰረ።

ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። “ማን ያነሳዋል? አንተ እንደሆንክ ከጆንያ ጋር ነው የምትውለው። መኪና ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ” አለኝ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፣ አባዬ ሰምቶታል። ከታመመ በኋላ የመጀመሪያዋ ጥርት ያለች ቃሉ ያን ጊዜ ወጣች። “አልሄድም” አለ። የእናቴ መቃብር እዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት መጠየቅም አላስፈለገኝም። ወንድሜ እስኪደርስ ከአልጋው ማንሳት ካልቻልኩ ግን ይወሰዳል።

የመጀመሪያ ሙከራዬ በብብቱ ይዤ መጎተት ነበር። እኔም እሱም አልጋው ላይ ተዘረርን። በማግስቱ አዳራሽ ሄጄ ለዳበሌው ነገርኩት።

“ምዜውን፣ ሽማግሌውን፣ ለምን ትጎትታለህ?” አለኝ። “ድርቅ ጊዜ ላም ትተኛለች፣ መነሳት እምቢ። በራሷ አትጎትትም። መጀመሪያ በደረት ታደርጋታለህ፣ እግሯን ታጥፋለህ፣ ከዚያ ከኋላ ትገፋለህ። ሱታ ሱታ፣ ቀስ ቀስ።”

በክፉው ዓመት የእሱ ቤተሰብ ጠዋት ጠዋት ከብቱን እንዲህ እያነሳ ነው ያሻገረው። ሙዋሊሙ ሰምቶ ተደሰተ፤ “በእጅህ አታንሳ፣ በዳሌህ አንሳ፣ ፖሌ ፖሌ” እያለ፣ ያንኑ ቀስ በል በስዋሂሊ እየደገመ፣ ለሰው እንዲሆን አስተካከለልን። ዳበሌው አባቴን ሆኖ ተኛልኝ። ሚናው ሳይመቸው አልቀረም፤ እያቃሰተ ውሃ አምጡልኝ ሁሉ አለ።

ቤት ሄጄ አባዬን በጎኑ አዞርኩት፣ ጉልበቱን አጠፍኩ፣ እግሮቹን ከአልጋው ጠርዝ አወረድኩ፣ ትከሻው ሥር ክንዴን ሰድጄ ከዳሌዬ ተነሳሁ። ቁጭ አለ! ከደስታዬ ብዛት ዘዴው ከየት እንደመጣ ነገርኩት።

“ላም?” አለ አባዬ። ሁለተኛዋ ጥርት ያለች ቃሉ ናት።

የመታ መታውንም ሕግ አስተማርኩት። “ሲያምህ በደህናው እጅህ ሁለቴ ንካኝ፣ እለቅሃለሁ” አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ሳነሳው ጥርሱን ነክሶ ያልበዋል እንጂ አንድም ቀን መታ አላደረገኝም። ኩራቱ ነው ብዬ ተናደድኩበት።

በዚህ መሃል አዳራሽ ውስጥ ተአምር ተፈጠረ። ዳበሌው እንደልማዱ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ ሲጀምር፣ በእጄ መግፋቱን ትቼ ክብደቱ ወዴት እንደሚያጋድል ጠበቅሁና ዳሌዬን አወጣሁ። ተገለበጠ። ስለ ዝናብ ማውራቱንም አቆመ። ደስታዬን ሳልጨርስ አንገቴን ይዞ አሸነፈኝ፤ እድገት ግን እድገት ነው።

ወንድሜ መጣ። ጂም የሚሠራ ሰው ነው፤ ሸሚዙም ይህን ይናገራል። “ቆይ እኔ ላሳይህ” ብል “አንተ ዞር በል” አለኝና አባዬን በሁለት ብብቱ ይዞ ወደ ላይ ሳበው። የታመመው ትከሻ ሲንጠለጠል አየሁ። የአባዬ ደህና እጅ ቀስ ብሎ ወጣና የወንድሜን ጀርባ ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

ወንድሜ ዓይኑ እንባ ሞላ። “እኔም ናፍቀኸኛል አባዬ” አለና ይበልጥ አጥብቆ አቀፈው።

“ልቀቀው! በቃኝ እያለህ ነው!” ብዬ ጮህኩ።

ደንግጦ ለቀቀው። አባዬን አዞርኩ፣ ጉልበቱን አጠፍኩ፣ አነሳሁት። ቁጭ ብሎ ወንድሜን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ወንድሜ የአባዬን ዕቃ ሊሸክፍበት ያመጣውን ሻንጣ ባዶውን ዘጋው። “እሺ፣ እዚሁ ይሁን” አለ፤ በማግስቱ በጠዋት ብቻውን ድንበሩን ተሻግሮ ሄደ።

መኪናው ከመንገዱ ሲጠፋ አባዬ ከአልጋው ሆኖ በመስኮት አይቶታል። እንደልማዴ ላነሳው ክንዴን ትከሻው ሥር ስሰድ፣ መታ መታ አደረገኝ። ክንዴ እዚያው ደረቀ። ለካ ኩራት አልነበረም፤ በቃኝ ካለኝ እንዳልተወውና እንዳይወሰድ ፈርቶ ነው ያን ሁሉ ቀን ጥርሱን የነከሰው። አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

ለቀቅኩት። ትንሽ አረፍን። ከዚያ ክንዴን ዝቅ አድርጌ እንደገና ጀመርን።