ሦስት ጥማድ

ዝናብ ያራሰው የእርሻ መሬት ሽታ ባፍንጫዬ በገባ ቁጥር ጋፋት መንደር ያለው ማሳችን፣ ከማሳችን ጋር ደግሞ አምስተኛ ክፍል ትዝ ይለኛል።

መስከረም ላይ ደብረ ታቦር ከተማ ትምህርት ቤት ስገባ ከክፍሉ የገጠር ልጅ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ አነጋገሬ እንዳያስቅብኝ የኋላ ወንበር ይዤ ዝም እል ነበር። የሒሳብ አስተማሪያችን ቲቸር ትርንጎ ግን ዝምታ አይመቻትም ነበር፤ ደብተር አዘግታ የትናንቱን ከጭንቅላታችን ታስጽፈናለች፣ ከመለካታችን በፊት ደግሞ ታስገምተናለች።

ታኅሣሥ ላይ የኳስ ሜዳው ስፋት ስንት ይሆናል ብላ ጠየቀችኝ። «ሦስት ጥማድ» አልኩ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኛ ቤት መሬት በሜትር ተለክቶ አያውቅም፤ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው አንድ ጥማድ ነው፣ አለቀ። ቤት ገብቼ «አባ፣ ሁለተኛ አልሄድም፤ የኔ ቦታ አይደለም» አልኩት፤ እሱም ቀለም ስላልቆጠረ «ሂጂ» ብሎ አላስገደደኝም።

ትምህርት ቤት በቀረሁ በሁለተኛው ቀን ቲቸር ትርንጎ በእግሯ ቤታችን መጣች። አባቴ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ምነው፣ ምን አጥፍታ ነው?» አላት።

«ምንም አላጠፋች። ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ልምጣና ጥማድ ምን እንደሆነ ያስተምሩን ብዬ ነው።»

«እኔ?»

«አንቱ እንጂ ሌላ ማን ያውቃል?»

ቅዳሜ ስለማይታረስ አባቴ ሥራ አልነበረውም፤ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ተደናግጦ፣ በሬዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ከየት እስከ የት እንደሚያርሱ ገብሱ በታጨደበት ማሳ ላይ በእርምጃው አሳየን፣ እኛም ተከትለን በገመድ ለካነው። ሰኞ የኳስ ሜዳውን ስንለካ የዚያ ጥማድ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት እርምጃ ብቻ ቀረው። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችብኝ ልጅ «እንዴት አወቅሽ?» ብላ ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ደስታዬም ልክ አልነበረውም። አባቴማ እስከ ፋሲካ ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «አርባ ተማሪ አስተማርሁ እኮ» እያለ ያወራ ነበር።

ዛሬ እኔም መምህርት ነኝ። ሥልጠና ላይ ልጅ ከሚያውቀው ተነስቶ ሲማር ትምህርቱ እንደሚጸናለት፣ ክፍሉም የራሱ እንደሚመስለው ያስረዱናል፤ እውነት ነው፣ አጨበጭባለሁ። በኔ ክፍል ግን አባት የሚጠራው ልጁ ሲረብሽ ነው፤ ዘንድሮ ያስተምሩን ብዬ የጠራሁት አንድም የለም።