ቁስል ላይ የነሰነስነው ዱቄት

ትዕዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «ኮረብታዋን ሳይመሽ ያዙ» ተባልን። ስም አልነበራትም፤ አናቷ ላይ አንድ የደረቀ ግራር ቆሟል። አሥራ አንድ ሆነን ወጣን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያዝናት። አራት ሰው እዚያው ወደቀብን። የሞርታር ፍንጣሪ ግራ ቅልጥሜን ከፈተው። መትረየስ ተኳሹ ሰይድ ታፋውን ተመታ።

ሐኪም አልነበረንም። የነበረን አንድ ኮሮጆ ካፕሱል ነው። ልማዳችን ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ነበር። እሽጉ ላይ «የሚዋጥ» ተብሎ ተጽፎ ኖሯል፤ ከመካከላችን ግን የሚያነብ አልነበረም። የሰይድን ቁስል በዱቄት የሞላሁት እኔ ነኝ።

«ይዘጋል?» አለኝ።

«ይዘጋል» አልኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተ። ከዚህ የተለየ ጀግንነት የሚያወራላችሁ ካለ፣ ያን ቀን እዚያ አልነበረም።

የእኔ እግር አልሞተም፣ አልዳነምም። ይዘጋል፣ ያመረቅዛል፣ ይከፈታል። እንዲሁ ይዤው ሐርጌሳ ገባሁ። ሼክ ኑር ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ጎሚስታ ሆኜ ጎማ ስለጥፍ ኖርኩ። አምና ሽታው ደንበኛ ማባረር ጀመረ። ሐኪሙ አየና «በሁለት ወር ካልጠበበ ከጉልበት በታች ይቆረጣል» ብሎ ወደ ሌዘር ክፍል ላከኝ። አንድ እግር ያለው ጎሚስታ አይቼ አላውቅም።

ሌዘሩን የምትይዘው ሂቦ የዚህ አገር ልጅ ናት፣ ያደገችው ግን ድሬዳዋ ነው። እንደ ድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም አንተ ትላለች። ጥቁር መነጽር አደረገችልኝና እስክሪብቶ የሚመስል መሣሪያ ወደ ቁስሉ አቀረበች። ቀይ ብርሃን በራ።

«ያቃጥላል?»

«ምንም አይሰማህም።»

«የማይሰማ መድኃኒት ምን ይጠቅማል?»

«አቦ፣ አርፈህ ተቀመጥ! ሥጋህን ይቀሰቅሰዋል። አጥቤ፣ አብርቼ እሸፍነዋለሁ። አንተ እንዳትነካው ብቻ።»

«ይዘጋል?»

ብርሃኑን ወደ ቁስሉ ዳር አዞረች። «እናያለን፣ ኢንሻአላህ።»

እኔ ሰይድን እንዲህ አላልኩትም።

በሳምንት ሦስት ቀን ሄድኩ። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ቁስሉ ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን ፋሻውን ፈታችና አጎንብሳ አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«የጎማ ቤት አቧራ።»

«በካፕሱል የሚሸጥ አቧራ አለ እንዴ?»

ለካ ታውቃለች። ቤቴ ስገባ ፋሻውን ፈትቼ እነሰንስበት ነበር። በጎልማሳነቴ ፊደል ቆጥሬያለሁ። እሽጉን አንብቤ፣ ያንኑ አደረግኩ። ከዚህ የባሰ ድንቁርና አላውቅም።

«እኔ ለሥጋህ ብርሃን እሰጣለሁ፣ አንተ ግድግዳ ትለስንበታለህ! ዋላሂ፣ ደግሞ ካየሁ አባርርሃለሁ።»

ያኔ የሰይድን ነገር ነገርኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«ዱቄቱ ነው የገደለው?» አልኳት።

«ደሙ ቆሞ ነበር?»

«እስኪሞት አልቆመም።»

«እንግዲያ ደሙ ነው የገደለው። ዱቄቱ አላዳነውም እንጂ አልገደለውም።»

ልታጽናናኝ ብላ እንደሆነ አላውቅም። ተቀበልኳት። የዚያኑ ቀን የቀሩኝን ካፕሱሎች ሽንት ቤት ጣልኳቸው።

ከዚያ የቁስሉ ዳር ዳር ቀላ፣ ቀጥሎ ጠበበ። ብርሃኑ ይሁን፣ እጥበቱ፣ ወይስ የእኔ እጅ ማረፉ፣ አልምልም። ሁለት ወሩ ሲሞላ ሐኪሙ ተጭኖ አየውና «መቁረጥ ቀርቷል» አለ። ሌላ ወር ቆይቶ ሂቦ ፋሻውን ፈታች። አዲስ አልጠቀለለችም።

«ተዘግቷል» አለች።

«እስቲ ድገሚው።»

«ተዘግቷል አልኩህ፣ አቦ! ሂድ ጎማህን ለጥፍ።»

አልሐምዱሊላህ ብዬ በሁለት እግሬ ወጣሁ።

አሥራ አንድ ሆነን ነበር የወጣነው። አራቱን ያን ዕለት፣ ሰይድን በማግስቱ ግራሩ ሥር ቀበርን። እስካሁን ሙታኖቻችንን ስቆጥር ይህን እግር ጨምሬ ስድስት እል ነበር። አሁን አምስት ናቸው።