ማጀት ሳትገባ ሙሾ የማታወርደው ትርንጎ

ጎንደር ውስጥ ሰው ሲሞት ለቀስተኛው በፊት በር ይገባል፤ ትርንጎ ግን በጓሮ ነበር የምትገባው። ከቀሃ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሙሾ አውራጅ ሞልቷል፤ ቀድሞ የሚላክባት ግን እሷ ናት። መልእክተኛ መጥቶ «እገሌ አረፉ» ሲላት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትነሣለች፤ ድንኳን ውስጥ የተኮለኮለውን ባለማዕረግ ሁሉ ትታ በቀጥታ ማጀት ትዘልቃለች። ሽንኩርት ከሚከትፉትና ጠላ ከሚቀዱት ሴቶች መካከል ዱካ ስባ ትቀመጥና ጥያቄዋን ትጀምራለች።

«ምን ይጠላ ነበር? ሲናደድ ይጮኻል ወይስ ዝም ይላል? ከማን ጋር ተኳርፎ ሞተ?»

ድንኳኑ ሟቹን ደግ ሰው ነበር ይላል፤ ማጀት ግን ደግነቱ በየትኛው ቀን እንደነበር ያውቃል። ትርንጎ ሙሾዋን የምትቀዳው ከዚያ ነው። ቤቷ ብቻዋን ስትሆን አንዲት ስንኝ አትመጣላትም፤ ምላሷ እንጨት ይሆናል። አንድ ጊዜ አለቃ ሐብተ ማርያም፣ የቅኔ መምህሩ፣ «የእኛ ቅኔ ከላይ ይገለጣል፤ የአንቺ ምነው ከድስት ሥር?» ብለው ቢቀልዱባት፣ «ሰማይ ሟቹ ምን ይወድ እንደነበር አይነግረኝም፣ አለቃ፤ ወጥ ሠሪዋ ትነግረኛለች» አለቻቸው። አለቃ ሣቁ። ማታውኑ ግን ለወጥ ሠሪያቸው አንድ ነጠላ ገዙላት ይባላል።

እንግዲህ ፋንታሁን ቢያዝን የሚባል ሰው አለ። ፒያሳ ላይ የማኪና ጎማና መለዋወጫ ይሸጣል። ቁልፍ ያለው ነገር ሁሉ ያስደስተዋል፤ ተጫን ሲሉት ታዞ የሚሠራ ነገር ከሰው ልጅ ይሻላል ባይ ነው። «ሥልጣኔ» የምትለዋን ቃል ሌላው ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» በሚልበት ቦታ ሁሉ ይጠቀምባታል። አባቱ ግራዝማች ቢያዝን በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሲያርፉ፣ ከአሥመራ ያስመጣውን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ድምፅ መቅጃ ቴፕ ትርንጎ እግር ሥር አስቀመጠው። እሷ የሟቹ ዕቃ የተቀመጠበት ሣጥን መስሏት ሁለት ጊዜ አለቀሰችበት።

በሣምንቱ ጠርቶ ድምፅዋን አሰማት። ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና፣ «ይቺ ሴትዮ ጉሮሮዋስ ሸጋ ነው» አለች። «ግን ሰው ሲመጣ ቀና ብላ አታይም ወይ?»

ፋንታሁን ነገሩ አልገባውም። እሱ የገባው ሌላ ነው፦ ሣጥኑ አይደክምም፣ ጠላ አይጠጣም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማጀት ገብቶ የቤት ጉድ አይጠይቅም። ስለዚህ ራሱ ይዞት እየሄደ ለወዳጆቹ ያውሰው ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ያለ ቴፕ የተለቀሰለት ሰው እንደ ድኻ ተቆጠረ። አውቶ ፓርኮ ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ሞቶ ሣጥኑ መጣና ስለ ግራዝማች በቅሎ እንዲህ ሲል አለቀሰ፦

ከደጃፍ ቆማለች ቦራ በቅሎው ተጭና፣
ጌታዋን ልታደርስ መንገዱን አውቃና።

ልብስ ሰፊው እንኳን በቅሎ ዶሮ አልነበረውም። ወንድሞቹ ግን በየፊናቸው «በቅሎዋን ማን ወሰዳት?» ብለው ሲጠያየቁ ከረሙ፤ እስከ ዛሬም አንዱ ሌላውን እንደጠረጠረ ነው። ባትሪው እንዳያልቅ ፋንታሁን ከዚህች ስንኝ ትንሽ አለፍ ሲል ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። እሱ ራሱም ጭምር።

ትርንጎን የሚጠራት ቀነሰ። ቤቷ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ጀመር፤ ክሩም እንደ ምላሷ ይቆራረጥ ነበር። የቀረቻት አንዲት ለቅሶ ናት፣ ገና ያልሞተች ሰው ለቅሶ። የፋንታሁን እናት ወይዘሮ የዓለምወርቅ የሠላሳ ዓመት ወዳጇ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ አብረው ይቀመጣሉ፤ ጾም ሲፈታ አብረው ይበላሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜም በጽኑ ይኳረፋሉ። የዓለምወርቅ የታመሙ ጊዜ እጇን ይዘው፣

«እኔ ብቀድም አንቺ ታለቅሺኛለሽ» አሏት።

«እኔ ብቀድምስ?»

«እኔ ዝም እላለሁ። ድምፄን ታውቂው የለም ወይ፣ ሬሳሽ ይነሣና ይሮጣል።»

ተሣሣቁ። ከዚያ አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትርንጎዬ፣ ልጄ ያን ሣጥን እንዳያስለቅስብኝ። አፍ አለው እንጂ ጆሮ የለውም።»

ትርንጎ በማርያም ስም ቃል ገባች።

ቃሉ ግን የሚጠበቀው በእሷ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። ሙሾ አውራጅ ቤተ ዘመድ «አውርጂ» ሳይላት አትነሣም፤ ሳይጠሯት የተነሣች ሳይጠሩት ከሰርግ ማዕድ እንደ ተቀመጠ ሰው ናት። የዓለምወርቅ በስድሳ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ አረፉ። ቀብሩ ዕለት ማንም አልላከባትም። ከአገር ቤት ዘመድ በሚሰበሰብበት በሠልስቱም አልተላከባትም። ትርንጎ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማንኛውም ለቀስተኛ በፊት በር ገባችና ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። በልቧ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ ጥሩኝ፣ ቃሌን አታስበሉኝ።

ድንኳኑ መሐል ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ሣጥኑ ጉብ ብሏል። ከትክል ድንጋይ በእግራቸው የመጡት ሽማግሌ፣ አያ ዳኛው፣ ሜዳ ላይ ነው የተቀመጡት። ሲገቡ በክብር ወንበር የተቀመጠውን ባለጥቁር ልብስ አይተው ዝቅ ብለው «እግዜር ያጥናዎ» ብለውት ነበር። ሳይመልስላቸው ሲቀር፣ «የከተማ ሰው ሐዘኑ ጠንቶበታል» ብለው አለፉ።

ፋንታሁን ተነሣ። ለእናቱ እንደ ሌላው ቤት እንዳይቆጥብ፣ አዳዲስ ድንጋይ ገዝቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያስለቅስላቸው ቆርጧል። ተጫነው። የግራዝማች በቅሎ መጣች። ሰው ለምዷታል፤ ዋይ ዋይ ብሎ ተቀበለ። ቀጥሎ፣ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ክፍል መጣ። ትርንጎ በግራዝማች ለቅሶ ለታ፣ እንደ ልማዷ፣ በበሩ የሚገባውን ዘመድ በየስሙ እየጠራች ነበርና ያወረደችው፣ ሣጥኑም ጠራ፦

ምነው አያ አድማሴ ራቀህ ወይ መንገዱ፣
ወንድምህ ተነሥተው ጭነው እኮ ሄዱ።

አድማሴ የግራዝማች ታናሽ ወንድም ነበሩ። ካረፉ ሁለት ፋሲካ አልፏል። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ወደ በሩ ዞረ። ማንም አልገባም። ሚስታቸው ሽታዬ ግን ስሙን እንደሰማች ብድግ ብላ ደረቷን መታች፤ አጠገቧ ያሉት ተከትለው ጮኹ፤ ጥቂት ቆይቶ ግማሹ ድንኳን አድማሴን ያለቅስ ነበር። የዓለምወርቅን የሚያስብ ጠፋ። ፋንታሁን ሰው ሲንሰቀሰቅ አይቶ ደስ አለው፤ ድምፁን ከፍ አደረገ።

ያን ለታ፣ ግራዝማች ሲሞቱ፣ የዓለምወርቅ ከሐዘን ብዛት ወድቀው ነበር። ትርንጎም ልታነሣቸው እንዲህ ብላ ነበር፤ ሣጥኑ አሁን ቃል ሳይቀንስ ደገመው፦

የዓለምወርቅ ተነሺ፣ ምነው መተኛትሽ፣
አገሩ መጥቶልሽ ሊያለቅስ ከቤትሽ።

ለቅሶው እንደ ውኃ ቧንቧ ቀጥ አለ። ሽታዬ እንኳ እጇ ደረቷ ላይ ቀረ። ሣጥኑ ብቻውን «ተነሺ፣ ተነሺ» ይላል።

አያ ዳኛው ቀስ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፋንታሁን ልጄ፣ ከትናንት ወዲያ ቀብረናት መጣን እኮ። ምነው፣ እንሂድና እንይ እንዴ?»

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጎሠረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ማልቀሷ አልነበረም። ፋንታሁን ሊያጠፋው ተንደርድሮ ሌላ ቁልፍ ተጫነና የትርንጎ ድምፅ ጅራቷን እንደ ረገጧት ድመት ሲጢጥ ብሎ ሮጠ። በመጨረሻ ድንጋዮቹን ጎልጉሎ አወጣቸው። ዝም አለ። ዝምታው ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ሠልስት ላይ ዝም ያለ ድንኳን ማለት ሟቹ ሰው አልነበረውም ማለት ነው፤ እስከ ኮላ ድባና ትክል ድንጋይ ድረስ ሲወራ ይኖራል።

ፋንታሁን በለቀስተኛ ጉልበት መካከል እየተጋፋ ትርንጎ ፊት ደረሰ።

«እቴ ትርንጎ፣ ያውርዱልኝ።»

ለዚህች ቃል ሦስት ቀን የጠበቀችው ሴት ወዲያው ትነሣለች ያለ ተሳሳተ። «አልችልም» አለች። «ማጀት አልገባሁም።»

«ምነው፣ እናቴን ለእርስዎ ማን ያስተዋውቅዎታል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብረው አልነበሩም ወይ?»

«እኔ የማውቃት የእኔዋን የዓለምወርቅ ነው። የአንተዋን አላውቃትም። ተከተለኝ።»

ወንድ፣ ያውም ባለሱቅ፣ ያውም በከረቫት፣ ማጀት ገብቶ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ። ወጥ ሠሪዋ እናኑ፣ በዚያ ቤት ሃያ ዓመት የኖረች ሴት፣ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ቀረበች።

«ምሳ ሲቀርብ እህል አልወርድ ይላቸው ነበር» አለች። «‹በር ላይ ቁሚና የሚያልፍ ካለ ጥሪልኝ› ይሉኛል። ስንት ጊዜ እንጨት ተሸካሚ አስገብቻለሁ። አብሮ የሚጎርስ ሲያገኙ ነው የሚበሉት።»

ትርንጎ ወደ ፋንታሁን ዞረች። «አንተስ? ምን ያስቃት ነበር?»

ፋንታሁን አሰበ። የጎማ ልክ ቢጠይቁት በቃሉ ያውቃል። «ሥራ ይበዛብኝ ነበር» አለ።

«መጨረሻ ያለችህስ?»

«ምንም።»

እናኑ ድስቱን አማሰለች፤ መማሰል አያስፈልገውም ነበር። ፋንታሁን አያት፤ እንደምታውቅ ገባው። ከረቫቱን ላላ አደረገ።

«ብቸኝነት እንዳይሰማት ብዬ ያን ቴፕ አልጋዋ አጠገብ ትቼላት ነበር» አለ። «አንድ ማታ መጥቼ ስቆም፣ ‹ሣጥኑን አንሣልኝና አንተ ቁጭ በል› አለችኝ። ‹ነገ› አልኳት። ከአሥመራ ዕቃ ሊገባ ነበር። በነጋታው ስመጣ አትናገርም።»

ትርንጎ ተነሥታ ነጠላዋን አጠበቀችና ድንኳኑ መሐል ቆመች። ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ጀመረች፦

መንገደኛ ጠርታ የምትበላ ጉርሻ፣
ብቻዋን ወረደች እስከ መጨረሻ።

በሩ አጠገብ የቆመ አንድ እንጨት ተሸካሚ ነበር፤ ማንም ያልጠራው፣ ማንም ያላስተዋለው። ቀድሞ የጮኸው እሱ ነው። ትርንጎ ቀና ብላ አየችውና በስሙ ጠራችው፤ እናኑ ነግራት ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ ማጀቱ በር መለሰች፦

ሣጥኑን አንሣልኝ አንተ ቁጭ በል አለች፣
ነገ ያላት ልጇን ጠብቃው ኮበለለች።

ፋንታሁን የበሩን መቃን ይዞ ነበር የቆመው። ሲወድቅ የያዙት አያ ዳኛው ናቸው። እናቱን ከቀበረ ወዲህ ገና ያን ጊዜ አለቀሰ፤ እንደ ሥልጡን ሰው በመሐረብ ሳይሆን እንደ ወገራ ገበሬ በሙሉ አፉ። የዓለምወርቅ እንዲህ ተለቀሰላቸው፤ የትርንጎም ቃል ሳይበላ ቀረ።

በሣምንቱ ግን ፋንታሁን ከረቫቱን አጠበቀ። ስለ ሠልስቱ የጠየቁትን ሁሉ፣ «ድንጋዩ ደክሞ ነው እንጂ ትርንጎን ባላስቸገርኳት ነበር» ይላል። ሣጥኑንም አላዋሰም፤ ብቻ እሑድ እሑድ ሽታዬ ሱቁ ትመጣና «ያቺን የአድማሴን» ትለዋለች። ያሰማታል። ባሏ ሲጠራ ትሰማለች፣ በሩን ታያለች፣ ትሄዳለች።

ስለ ድንጋዩ የሚያወራውን ለትርንጎ ነገሯት። ጥጧን እየፈተለች ሣቀች።

«አትመልሽለትም ወይ?» አሏት።

«ምን ያስቸኩለኛል» አለች። «የእሱም ቀን ሲደርስ ማጀቱ ከእነእናኑ እዚያው አለ።»

ፋንታሁን ይህን ከሰማ ወዲህ ምሳውን ቤቱ ይበላል፤ እናኑንም አጠገቡ አስቀምጦ እንዴት እንደዋለች ይጠይቃታል።