ጋራዡን ያስቀባሁ ጊዜ

አንድ ሐቀኛ ሽማግሌ አታልያለሁ።

የማርያም ማኅበር ተራዬ ሲደርስ፣ ሳሎኑ ስለሚጠብ ድግሱን ደባርቅ ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ላደርገው አሰብኩ። የሲሚንቶው ወለል አቧራው አያድርስ ነው። ቀለም ላስቀባው ወይስ ልተወው እያልኩ ሳመነታ፣ ማኅበርተኛችን የሆኑትን ቀለም ቀቢ ጋሽ አያሌውን አማከርኳቸው። ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ዘርግተው ዳር ዳሩን በፕላስተር ለጠፉት።

«እስከ ነገ እንዳትነኪው እታለም። ከሥሩ ካላበው እርጥበት አለ ማለት ነው፤ ቀለም አይዝም። ያኔ ይቅርብሽ።»

በማግስቱ ማልጄ ገልጬ ሳየው ውሃ ቋጥሯል። እኔ ደግሞ ለእንግዶቼ የሚያበራ ወለል በጣም ፈልጌ ነበር። ጠራርጌ መልሼ ለጠፍኩት። ጋሽ አያሌው መጡና ገልጠው አዩት፣ በእጃቸውም ዳሰሱት። «ደርቋል» ብለው ቀቡት።

በማኅበሩ ዕለት አግዳሚዎቹ ሲነሡ ቀለሙ ከእግራቸው ጋር እየተላጠ ተነሣ።

«አያሌው፣ በአጥሚት ነው እንዴ የቀባኸው?» አሉ አንድ እኩያቸው። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ጋሽ አያሌው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዓይኔ ደክሟል። በዚህ ጽዋ ፊት እናገራለሁ፣ ከእንግዲህ ብሩሽ አልይዝም።»

በጽዋ ፊት የተባለ ነገር እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ሳቁ ቀጥ አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ የተላጠውን ቀለም መልቀም ጀመርኩ፤ ውሃውን መጥረጌን ግን ደበቅኩ።

እባካችሁ ይቅር በሉኝ።